ቀላል ተሳፋሪ

እናቴን ቀብረን በተመለስን ማግስት ሊቀመንበሩ ሊያጽናናን መጣ። ምቹውን ሶፋ መርጦ ተቀመጠ፣ እግሩን ዘረጋ፣ ከአባቴ ጋር ትንሽ ተነፋረቀ። ከዚያ ሻይ ሲቀርብለት አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ፣ «ደግ ሴት ነበረች። ያን ዓመት ዋንጫውን ባታሳጣን ኖሮ ምንም አይወጣላትም ነበር» አለ። ለሟች ክብር ሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው። አባቴም ዓይኑን በመሐረብ እያበሰ ሳቀ።

«ክብደት ነዋ» አለ። «መኪና ክብደት አይወድም።»

የሻዩን ትሪ ይዤ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አልደፋሁባቸውም፤ ሻዩ አሳዘነኝ።

እናቴ ስለዚያ ቀን አንድም ቀን አውርታ አታውቅም። ያወሩት እነሱ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን፣ በየድግሱ፣ በየልቅሶው። ወሬያቸው እየፋፋ ሄዶ አሁን አባቴ በውስጡ የዓለም ሻምፒዮን ሊሆን ምንም አልቀረውም። እኔም ልጅ ሆኜ በቦታው ነበርኩና ያየሁትን ልጻፍ። ያኔ ያየሁትን ሁሉ በተገላቢጦሽ ነበር የተረዳሁት።

ክለቡ በወረቀት ላይ የእሽቅድምድም ክለብ አልነበረም። ለእሽቅድምድም ፈቃድ የሚሰጣቸው ስላጡ «የቤተሰብ ሽርሽር ማኅበር» ብለው ነው ያስመዘገቡት። አባላቱ ሆዳቸው ቀበቷቸውን የሚያስጨንቅ፣ በሥራ ቀን አለቃቸው ፊት ትንፍሽ የማይሉ፣ እሑድ ሲሆን ግን የቆዳ ጓንት አጥልቀው ጀግና የሚሆኑ ሰዎች ነበሩ። ከከተማው ወጣ ብሎ አውሮፕላን ማረፍ የተወበት አሮጌ ማኮብኮቢያ አለ፤ ስንጥቁ ሁሉ ሣር አብቅሏል። እዚያ በርሜልና ያረጀ ጎማ ደርድረው፣ በሥራ ቀን ገበያ የሚመላለሱባቸውን መኪኖች እያስጮኹ ይዞራሉ።

ማኅበሩ የቤተሰብ ነውና በእያንዳንዱ መኪና ከሹፌሩ ጎን አንድ የቤተሰብ አባል መቀመጥ አለበት ይላል ደንባቸው። ጠያቂ ቢመጣ ቤተሰብ እያንሸራሸርን ነው ለማለት ነው። እያንዳንዱ አባል ከቤተሰቡ መሐል አንድ ሰው መረጠ፤ ተወዳዳሪ ነውና ቀላሉን መረጠ። እስከዚያ ቀን ድረስ በዚያ ሜዳ ላይ አንዲት ሚስት፣ አንዲት አማት ተሳፍራ አላየሁም። በሁሉም ጎን የተቀመጠው ልጅ ነበር፣ ያውም የመጨረሻው ልጅ። እኔ ይህን መች አስቤው። የማውቀው ነገር ቢኖር አባዬ ከሰው ሁሉ እኔን መምረጡን ነው።

መኪናችን ጀርባዋ እንደ ሣጥን የረዘመ ስቴሽን ዋገን ነበረች። አባቴ «መኪናዬ» ይላታል። የእናቴ ናት። እናቴ የልብስ ማጠቢያ ቤት ነበራት፤ የእንግዳ ማረፊያዎችንና የአንድ ክሊኒክ አንሶላ አጥባ፣ ተኩሳ፣ በዚያች መኪና ጭና ታደርስ ነበር። የኪሎሜትር ቆጣሪው ከመሙላቱ የተነሳ ወደ ዜሮ ተመልሶ እንደገና ጀምሯል፤ አባቴ ይህንንም እንደ ማዕረግ ቆጥሮት «ዳግም የተወለደች ናት» እያለ ያወራል። ዳግም የተወለደችው መኪና ዘይት ትጠጣለች። ማርሚታዋ በሽቦ ታስሯል። ሦስተኛ ማርሽ በእጅ ተጭነው ካልያዙት ተመልሶ ይወጣል። እናቴ ይህን ሁሉ አመሏን ስለምታውቅ ስትነዳት መኪናዋ ድምፅ እንኳ አታሰማም። እኔ በዚህ እንቃት ነበር። መኪና ይዛ እንደ ጋሪ የምታዘግም ሴት።

አባቴ የቀለም መደብር ሻጭ ነበር። ለመኪናዋ የዋለላት ትልቁ ውለታ ከመደብሩ በተረፈ ብርቱካናማ ቀለም ጎንና ጎኗን ማስመሩ ነው። መስመሩ ቀጥ አላለም፤ ወጣ ገባ ይላል። ንፋሱን እንዲሰነጥቅ ሆን ብሎ እንደሠራው ነግሮኝ አምኜዋለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት አባቴ መኪናዋን «ያዘጋጃታል»። እንድትቀል ብሎ የኋላውን ወንበር፣ ስኮርት ጎማውን፣ ምንጣፉን፣ እናቴ ለአንሶላው ብላ ያነጠፈችውን ሸራ ሁሉ እያወጣ ግቢው ውስጥ ይከምራል። ሰኞ ማለዳ መልሳ የምትገጥመው እናቴ ናት። እሱ ሰኞ ማለዳ ወገቡን ያመዋል።

ከዚያ ዋናው ሥራ ይመጣል። የፊቱን ጎማ በክሪክ ከመሬት ያነሳና በእጁ ያሽከረክረዋል። ጎማው ሽው ሽው ብሎ ቶሎ ከቆመ ፊቱ ይጠቁራል።

«ሰማሽው፣ ላባዬ? ፍሬኑ እየነካው ነው። ፍሬን ማለት ሌባ ነው፤ ፍጥነት ይሰርቃል።»

ከጎማው ጀርባ ባለች ቀዳዳ ካቻቪቴ አስገብቶ የፍሬኑን ሸራ ወደ ውስጥ ያርቀዋል። ሌላኛውንም የፊት ጎማ እንዲሁ ያደርጋል። እንደገና ሲያሽከረክረው ጎማው ድምፅ ሳያሰማ ይዞራል፣ ይዞራል። ሁለታችን አጠገቡ ቁጢጥ ብለን ዝም ብለን እናየዋለን። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እንደዚያ ጸጥ ብዬ አላውቅም።

ዛሬ ራሴ መኪና እነዳለሁ። ፍሬኑ እንዲያ የላላ መኪና ፔዳሉን ሲረግጡት ወለሉ ድረስ ይወርዳል፤ ደጋግመው ካልረገጡት አይዝም። እነዚያ ሰዎች ሁሉም እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ እርስ በርስ እንደ ትልቅ ሚስጥር ተማምረውታል። መቆም የማይችልን መኪና ፈጣን ነው ይሉት ነበር።

ከጎማው ቀጥሎ ተራው የእኔ ነው። እናቴ የልብስ ጥቅል የምትመዝንበት ሚዛን ነበራት። አባቴ ጫማዬንና ሹራቤን አስወልቆ እሱ ላይ ያቆመኛል። መርፌው ካለፈው ሳምንት ዝቅ ካለ ግንባሬን ይስመኛል። ከፍ ካለ አይቆጣም፤ ዝም ብሎ ወደ መኪናው ይመለሳል። ከቁጣው ዝምታው ይብሳል። ስለዚህ ዓርብ ሲደርስ ምግብ መተው ጀመርኩ። እናቴ ደግሞ ይብስ ታቀርብልኛለች፤ እንቁላል፣ በቅቤ የተለወሰ ድንች፣ ወተት ከነስልባቦቱ። «ብዪልኝ እንጂ፣ የኔ እናት። ጉንጭሽን ማን ወሰደው?» ትለኛለች። ዳቦውን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ለጎረቤት ውሻ አበላ ነበር። ውሻው ያን ዓመት አማረበት።

እናቴ ወፍራም ነበረች። እኔን እንደራሷ አድርጋ ከመኪናው ልታስወርደኝ ነው የምታበላኝ ብዬ ደመደምኩ፤ ምቀኛ ናት አልኩ። ምስኪን፣ መኪናው ውስጥ እንደምቀመጥ እንኳ አታውቅም ነበር። አባቴ ማኮብኮቢያው ዳር ካለው የአፈር ክምር ላይ ቁጭ ብላ ነው የምታየው ብሏታል፤ እኔንም ይቺ የእኔና የአንቺ ሚስጥር ናት ብሎኛል። እሷ ያየችው እየከሳች የምትሄድ ልጅ ብቻ ነው። የትምህርት ቤት ቀሚሴን ደጋግማ አጠበበችው። ትል ጠርጥራም ኮሶ የመሰለ መራራ መድኃኒት አጠጣችኝ፤ እሱንም እንደ ተንኮል ያዝኩባት።

ሊቀመንበሩ የቤት ዕቃ መደብር ነበረው፤ ሚስቱ ሳትቀር «ሊቀመንበር» ነው የምትለው። ልጁ ከእኔ ያንሳል። ከልጆቹ ሁሉ ሄልሜት ያለው እሱ ብቻ ነበር፤ የሞተር ብስክሌት ሄልሜት፣ የአዋቂ። አንገቱ ስለማይሸከመው ጭንቅላቱ እንደ ሱፍ አበባ ወዲህና ወዲያ ይዘምማል። ከፊቱ ያለው ጥቁር መስታወት መልኩን አያሳይም። አይስቅም፣ አይጫወትም፤ አባቱ ሲጠራው ሄዶ ይሳፈራል። ለእኔ ጀግና ማለት እሱ ነበር። እሑድ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ትራሴን ጭንቅላቴ ላይ አስሬ እንደ እሱ ዝም ለማለት እለማመድ ነበር።

አንድ ቀን እናቴ ገላዬን ስታጥበኝ ትከሻዬ ላይ የመኪናው ቀበቶ የተወውን ሰንበር አየች። ምንድን ነው ስትለኝ ወደቅኩ አልኳት። የወደቀ ልጅ እንዲህ ከአንገቱ እስከ ጡቱ ተሰምሮ አይበልዝም። ውሃውን አፍስሳልኝ፣ በፎጣ ጠቅልላኝ፣ አባቴ ወዳለበት ሄደች።

ከግድግዳው ማዶ የሰማሁት ቁርጥራጩን ነው። የእሷ ድምፅ ስለ ፍሬን፣ ስለ ትከሻዬ ያወራል። የእሱ ድምፅ ስለ ደንብ፣ አባላቱ ፊት ስለሚደርስበት ሐፍረት ያወራል። በሚቀጥለው እሑድ ቤት ቆለፈችብኝ። አባቴ በመስኮት አወጣኝ፤ ሁለታችንም በሳቅ ልንሞት። ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት የመኪናዋን ቁልፍ ደበቀችው። በሽቦ አስነሳት፣ ይህንንም ለክለቡ ሰዎች እንደ ጀብዱ አወራው። በሳምንቱ ከግድግዳው ማዶ እንዲህ ስትል ሰማኋት፦

«እሷ ከምትቀመጥ እኔ እቀመጣለሁ።»

አባቴ ረጅም ሳቅ ሳቀ። «አንቺን ጭኜማ ከመነሻው መስመርም አልነቃነቅ።»

እኔ ከወዲህ በኩል ጥፍሬን እየበላሁ፣ የእኔን ቦታ ልትወስድ ነው ብዬ አለቀስኩ። እሷም ዋንጫ አማራት ብዬ።

ቅዳሜ ከሰዓት አባቴ እንደ ልማዱ መኪናዋን አዘጋጅቶ ወደ ክለቡ ስብሰባ ሄደ። ግቢ ስወጣ የእናቴ እግሮች ከመኪናዋ ሥር ወጥተው አየሁ። የታጠፈ አንሶላ መሬት ላይ አንጥፋ በጀርባዋ ተኝታለች፤ ካቻቪቴ ይዛለች። መኪናችንን እያበላሸች ነው ብዬ አመንኩ፤ ወደ ቤት ተመለስኩ። ማንም ሳያያት ሰኞ ሰኞ እንዲህ እንደምታደርግ ያወቅኩት አድጌ ነው። የክሊኒኩ ቁልቁለት ላይ አንሶላ የጫነ መኪና መቆም ስላለበት፣ እሱ ያላላውን ፍሬን ታጠብቀው ነበር። ያን ሳምንት ሰኞን አልጠበቀችም።

እሑድ ጠዋት ወጥተን ስናያት እናቴ ከፊት ወንበር ተቀምጣለች። የሥራ ቀሚሷን እንደለበሰች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ወደ ፊት እያየች። አባቴ ለመነ፣ ተቆጣ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፁን ዋጠ። በመጨረሻ ሰዓቱ ሲሄድበት እኔን ባዶው ኋላ ላይ ወርውሮ ነዳ።

ማኮብኮቢያው ላይ ሰዎቹ እየተጠራሩ ሊያዩዋት መጡ። ሊቀመንበሩ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ፣ «እትዬ፣ ለልጅቷ ቢለቁላት ምን ይመስልዎታል? ይህ የልጆች ነገር ነው» አላት።

«ደንባችሁ የቤተሰብ አባል ነው የሚለው» አለች እናቴ። «ሚስቱ ነኝ። ቤተሰብ ካልሆንኩ ይንገሩኝና ዛሬውኑ ዕቃዬን ልሸክፍ።»

ተሳሳቁ። አባቴ አብሯቸው ሳቀ፤ ምን አማራጭ አለው። ከዚያ ከሊቀመንበሩ ክሪክ ተውሶ፣ እናቴ እንደተቀመጠች፣ የፊቱን ጎማ አነሳ። ክሪኩ ሲንጫጫ አንዱ «ኧረ ክሪኩ ነፍሱ ሊወጣ ነው» አለና ሁሉም እንደገና ተንከተከቱ። አባቴ ጎማውን አሽከረከረው። ሽው ብሎ ቆመ።

«እጅ ገብቶበታል» አለ፣ ወደ እሷ እያየ። ካቻቪቴውን አወጣ።

«አንተ ሰውዬ፣ ተው» አለችው በመስኮቱ።

አልተወም። ሁለቱንም ጎማ አላላ። እናቴ እጁ የሚሠራውን እያየች ነበር። ምን እንዳላላ፣ ምን ያህል እንዳላላ ከእሱ ይልቅ እሷ ታውቃለች። ከወረደች ማን እንደሚቀመጥበትም ታውቃለች። ቀበቶዋን ሳበችና አሰረች።

እኔ ከአፈር ክምሩ ላይ ሆኜ እንድትሸነፍ ጸለይኩ፤ ወፍራሟ እናቴ ተዋርዳ ቦታዬ እንዲመለስልኝ። ባንዲራው ወረደ፣ መኪኖቹ ተነሱ። አባቴ መጨረሻ ነበር። ዛሬ ሲያወራው መሪ ነው፤ በእኔ ዓይን ግን መጨረሻ ነበር። እየራቁት ሲሄዱ እልህ ያዘው መሰለኝ፣ ሌሎቹ ወደ በርሜሎቹ ሲቃረቡ ቤንዚኑን ቀነስ ሲያደርጉ እሱ ጭራሽ ረገጠው።

ከኋላ ያለው ቀይ መብራት ሲበራ አየሁ። ጠፋ። በራ። ጠፋ። መኪናዋ ግን ምንም አልሰማች። ከበርሜሎቹ ማዶ የኮንክሪት ቦይ አለ፤ በኋላ ሄጄ አይቼዋለሁ፣ ሰው ከነቁመቱ ይውጣል። መኪናዋ ወደዚያ እየሄደች ሳለ የኋላ ጎማዎቿ ድንገት ጮኹ፣ ጭራዋ ዞረ፣ በርሜል ጥላ፣ ጎማ በትና፣ በእናቴ በኩል ባለው ጎኗ የጎማ ቁልሉ ላይ ተለጥፋ ቆመች።

እናቴ የእጅ ፍሬኑን ስባው ነው። «ደንግጣ» ይላል አባቴ እስከ ዛሬ፤ «ሴት ስትደነግጥ ያገኘችውን ትጎትታለች።» የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማን ነው፤ እሱ ያላላው የፊቶቹን ነው። ምን እንደሚይዝና ምን እንደማይዝ በዚያች መኪና ውስጥ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱ አልነበረም።

አባቴ ወርዶ መጀመሪያ ያደረገው ወደ ተጨማደደው ጎን ዞሮ ብርቱካናማውን መስመር በመዳፉ መዳበስ ነው። ሰዎቹ መጥተው ከበቡት። ወይኔ፣ ወይኔ ይላሉ ለቆርቆሮው። እናቴ በራሷ በኩል ያለው በር አልከፈት ስላላት ተንፏቃ በሹፌሩ በር ወጣች። ቀኝ እጇ ከክርኗ በታች ሌላ ዓይነት ሆኗል፤ በግራ እጇ ደግፋ ደረቷ ላይ ያዘችው። እኔን ፈልጋ አየችኝ፤ አፈር ክምሩ ላይ መሆኔን ስታረጋግጥ ፊቷን አዞረች። ወደ እኔ አልመጣችም።

የሚቀጥለው ዙር መኪኖች ተሰልፈው፣ ሞተራቸው ተነስቶ፣ ልጆቹ ጎን ጎናቸው ታስረው ይጠብቁ ነበር። እናቴ ወደ መጀመሪያው ሄደች። የተሰበረውን እጇን ከሆዷ ጋር አጣብቃ በግራ እጇ በሩን ከፈተች። «ና ውረድ፣ የኔ ጌታ» አለችው። ልጁ ወረደ። ወደ ሁለተኛው ሄደች። አባትየው የልጁን ክንድ ያዘ፤ እናቴ ቆማ ጠበቀችው፣ ለቀቀላት። አንዱ «እንዴ፣ እትዬ፣ ምን መሆንዎ ነው» አለ፤ እሷ ወደሚቀጥለው መኪና አለፈች። ልጆቹ እየወረዱ ከኋላዋ ይከተሏታል። ተሳፋሪ የሌለው መኪና በደንቡ አይወዳደርምና ሞተሮቹ አንድ በአንድ ጠፉ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ተሸንፋ አልበቃ ብሏት የሁሉንም ቀን አበላሸችው አልኩ።

መጨረሻ የቀረው የሊቀመንበሩ መኪና ነው። በሩን ከውስጥ ቆልፎታል። መስታወቱን ትንሽ ከፈት አድርጎ ደንብ እንዳላቸው፣ ነገሩን በስብሰባ ሊያዩት እንደሚችሉ ያስረዳት ጀመር።

«ደንባችሁንማ አውቀዋለሁ» አለች እናቴ። ስታከብረው የኖረችውን ሰውዬ ያን ቀን አንተ አለችው። «የቤተሰብ አባል ከፈለግክ ሚስትህን አምጣና አስቀምጣት።»

መስታወቱን ዘጋና ክላክሱን ተጫነው። እናቴ ከበሩ አጠገብ አልተነቃነቀችም። ክላክሱ እየጮኸ፣ ትንሿ እጅ ከውስጥ ቁልፏን ወደ ላይ ስትስብ አየሁ። በሩ ተከፈተ፣ ሄልሜቱ ዘንበል ዘንበል እያለ ወጣ። ከሃዲ፣ አልኩ በልቤ።

እናቴ የሄልሜቱን ማሰሪያ በአንድ እጇ ታገለችው፤ እምቢ አላት። ቀና ብላ ጠራችኝ።

«ነይ ፍቺለት፣ የኔ እናት። እጄ አልታዘዝ አለኝ።»

ወረድኩ። ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር፣ እያኮረፍኩ ሄድኩ። ማሰሪያው እርጥብ ነበር። ፈትቼ ሄልሜቱን ወደ ላይ ስስበው የትውከት ሽታ ወጣ፤ የዛሬ ብቻ ያልሆነ፣ ከስፖንጁ ጋር ደርቆ የኖረ። ከሥሩ የወጣው ፊት የጀግና አልነበረም። ዓይኖቹን ጨፍኗል፤ ከንፈሩን ነክሶት ደምቷል፤ እንባውና ንፍጡ አገጩ ላይ ተቀላቅሏል።

«አለቀ?» አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«አለቀ» አለችው እናቴ።

ሊቀመንበሩ ክላክሱን አሁንም እንደተጫነው ነበር።